ያለ ስፌት የተዘጋ ሆድ፦ የአንድ ልብስ ሰፊ አባት አስተያየት

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ለልጄ ስላደረገው ሕክምና ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም አለኝ፤ ወቀሳው ደግሞ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ነገር ግን ልጁ አንጀቱ ውጪ ሆኖ ለተወለደበት ሰው፣ ወይም ገና በእርግዝና ላይ እያለች «እንዲህ ነው» ለተባለች እናት የሚጠቅም ነገር አለኝ ብዬ አምናለሁ። እኔ ያን ጊዜ ስልኬ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስፈልግ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ያለፈበት ሰው በአማርኛ የጻፈው አንድ ገጽ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሞጆ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ ሱቅ አለኝ። አንድ ሲንገር፣ አንድ የዚግዛግ መኪና፣ አንድ ካውያ። ሙያዬን የማነሳው ያየሁትን ሁሉ በዚያ ዓይን ስላየሁት ነው።

ባለቤቴ 21 ዓመቷ ነው። ልጁ የመጀመሪያችን ነው። ክትትሏን አንድም ቀን አላቋረጠችም። በሰባተኛ ወሯ አንድ የግል ክሊኒክ ወስጄ አልትራሳውንድ አሳየኋት። «ሁሉም ደህና ነው፣ ወንድ ነው» ተባልን። ደስ ብሎን ወጣን። በኋላ አዲስ አበባ ያገኘኋት ዶክተር ስትነግረኝ፣ ይህ ነገር ከአራትና አምስት ወር ጀምሮ በአልትራሳውንድ ሊታይ የሚችል ነው። አንጀቱ ከሆዱ ወጥቶ በሽርት ውኃው ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅትም ነፍሰ ጡር ሴት ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንድትታይ የሚመክረው እንዲህ ያለው ነገር በጊዜ እንዲታወቅ ጭምር ነው። ያ ክሊኒክ ለመታየት የፈጀው ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም ነበር። ትንሽ ጠጋ ብለው ቢያዩልን ኖሮ ባለቤቴ አዲስ አበባ ሄዳ፣ ቀዶ ሐኪም ባለበት ቤት ትወልድ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ወለደች። እኔ በር ላይ ነኝ። የልጅ ለቅሶ ሰማሁ። እልልታውን ጠበቅሁ፤ አማቴ ውስጥ ናት፣ እሷ ደግሞ እልልታ አትሰስትም። ዝም አለ። ከዚያ አዋላጇ ወጣች።

«ወንድሜ፣ ልጁ በሕይወት አለ፤ አንጀቱ ግን ውጪ ነው። ግባና እየው፤ ሳታየው ከቀረህ የባሰ ትፈራለህ» አለችኝ።

ገባሁ። ከእትብቱ በስተቀኝ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ አለች። በእሷ በኩል አንጀቱ ወጥቶ ሆዱ ላይ ተኝቷል። ምንም ሽፋን የለውም። ቀይ ነው፣ እርጥብ ነው፣ አብጧል። ልጁ ግን እግሩን ይፈራገጣል፣ ያለቅሳል፣ ዓይኑን ይከፍታል። ከዚያች ቀዳዳ በስተቀር ምንም አልጎደለውም።

ያቺን አዋላጅ ነርስ ሳላመሰግን ወደ ሆስፒታሉ አልገባም። ጓንት አድርጋ ያልተከፈተ ንጹሕ ላስቲክ አወጣች፤ ውስጡ የሚታይ። ልጁን ከእግሩ ጀምራ እስከ ብብቱ አስገባችው። የላስቲኩን አፍ ደረቱ ላይ ላላ አድርጋ አሰረችው። በቀኝ ጎኑ አስተኛችው። ኮፍያ አደረገችለት፣ ግሉኮስ ሰካችለት። አማቴ በነጠላዋ ልትጠቀልለው ስትል «እማማ፣ ጨርቅ አንጀቱን አይንካው፣ ይጣበቅበታል» አለቻት። ይህን ሁሉ ስታደርግ እጇ አልተንቀጠቀጠም። በኋላ ያገኘኋቸው ሐኪሞች ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል፦ «ላስቲኩን ማነው ያደረገለት?» ለካ የተጋለጠ አንጀት ሙቀትም ፈሳሽም በፍጥነት ያስወጣል። ልጁ ቀዶ ጥገና ሳያይ በብርድና በድርቀት ሊሞት ይችላል። በጎኑ ማስተኛቱም ደም የሚያደርሱት ሥሮች ተጣጥፈው እንዳይታፈኑ ነው።

ባለቤቴ ቀረች። ገና የወለደች ሴት ደም እየፈሰሳት አምቡላንስ ውስጥ ሁለት ሰዓት አትቀመጥም ተባለ። እኔና ልጁ፣ አንዲት ነርስና ሾፌሩ ወጣን። ነርሷ በየጊዜው እግሩን ትነካለች። እኔ ጃኬቴን አውልቄ ከላስቲኩ በላይ ያለውን ደረቱን ሸፈንኩት።

አዲስ አበባ መጀመሪያ የደረስንበት ሆስፒታል አልተቀበለንም። «አልጋ የለም» ተባልን። ይህን በትሕትና ቢናገሩት እንኳ አንድ ነገር ነው። በር ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ አቆሙን። ጥበቃው ካርድ ክፍል ይልካል፣ ካርድ ክፍል ሪፈር ወረቀቱ ማኅተሙ አይታይም ይላል። ልጁ አምቡላንስ ውስጥ ነው። ማንም መጥቶ አላየውም። አልጋ ከሌለ አልጋ የለም፤ ግን ሙቀቱን መለካት፣ ወደ ሌላ ቦታ ስልክ መደወል አልጋ አይፈልግም። የሪፈር ነገር በአገራችን መስተካከል ካለበት ከዚህ ይጀመር እላለሁ፤ ሕፃኑ ከመላኩ በፊት ይደወል፣ የሚቀበለው ቤት ይታወቅ።

ሁለተኛው ሆስፒታል ነው የምጽፍለት። እዚያ ስንደርስ ማንም ካርድ አልጠየቀኝም። አንዲት ሲስተር ልጁን ከእጄ ተቀብላ እየሮጠች ገባች። ሙቀቱ 34.6 ሆኖ ተገኘ። ማሞቂያው ላይ አስተኙት፣ በአፍንጫው እስከ ጨጓራው የሚገባ ቀጭን ቱቦ አደረጉለት፣ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ጀመሩለት። እኔ ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባል ብዬ ነበር። አልገባም። ዶክተሯ፣ ወጣት ናት፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፣ መጥታ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። የበሽታውን ስም ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ ጋስትሮስኪሲስ። ወጣት እናቶች በሚወልዷቸው ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። እናትየው በልታ ወይም አይታ ያመጣችው ነገር አይደለም። ይህን ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ። «ለባለቤትህ ይህን መጀመሪያ ንገራት» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች እንጃ፤ መንደራችን ውስጥ ገና ከመንጋቱ «ግርዶሽ አይታ ነው»፣ «የሰው ዓይን ነው» መባል ተጀምሮ ነበር።

አሁን ስለ ቦርሳው ልጻፍ። ሐኪሞቹ «ሳይሎ» ይሉታል። የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ልጁ ሆድ ውስጥ አንጀቱ ኖሮ ስለማያውቅ ሆዱ ጠቧል። አንጀቱ ደግሞ በሽርት ውኃ ውስጥ ቆይቶ አብጧል። በአንድ ጊዜ ገፍቶ ማስገባት አይቻልም። በግድ ቢገባ ሆድ ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሳንባው ለመተንፈስ ቦታ ያጣል፣ ኩላሊቱ ደም ያንሰዋል፣ አንጀቱ ራሱ ይጠቁራል። ዶክተሯ ይህን ስትነግረኝ ወዲያው ገባኝ። አንድ ደንበኛ ወፍሮ ይመጣና የድሮ ሱሪውን በግድ ይዘጋል። ሲቀመጥ ስፌቱ ይተረተራል። ጨርቁን አትወቅሰውም፤ ቦታ አልሰጠኸውም።

ቦርሳው እንግዲህ ጊዜ መግዣ ነው። ከለስላሳ ሲሊኮን የተሠራ፣ ውስጡ ጥርት ብሎ የሚታይ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል። አፉ ላይ የሚተጣጠፍ ቀለበት አለው። ቀለበቱን በጣታቸው ጨምቀው በቀዳዳው ያስገቡታል፤ ውስጥ ሲለቁት ይዘረጋና ከሆዱ ግድግዳ በስተውስጥ ይይዛል። አንጀቱ ቦርሳው ውስጥ ይሆናል። የቦርሳው ጫፍ በክር ታስሮ ከማሞቂያው ብረት ላይ ይንጠለጠላል። ማደንዘዣ የለም፣ ኦፕራሲዮን ክፍል የለም። አልጋው ላይ ነው ያደረጉለት። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ።

ዋጋው ውድ ነው፤ ከውጪ ነው የሚመጣው። ለልጄ የደረሰው በእርዳታ ከመጡት የተረፈ ነበር። ሲያልቅ ሐኪሞቹ ንጹሕ የግሉኮስ ከረጢት ቀደው፣ ከቀዳዳው ዙሪያ ጋር በክር እየሰፉ ይሠሩታል። ይህ የሌለው ሰው የፈጠረው መላ ብቻ አይደለም። ሳሙኤል ሹስተር የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በፈረንጆቹ 1967 ይህን ደረጃ በደረጃ የመመለስ ዘዴ ሲያሳትም እሱም የሠራው ሰው ሠራሽ ጨርቅ በቀዳዳው ዳርና ዳር ሰፍቶ ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ነገሩ የጀመረው በስፌት ነው።

ከዚያ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ዶክተሯ ትመጣለች። ከላይ በኩል ቦርሳውን በቀስታ ጨብጣ አንጀቱን ወደ ታች ትሸኘዋለች። የገባውን ያህል ክሩን ዝቅ አድርጋ ታስራለች። አትገፋም። ክብደቱ ራሱ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጣት ወረደ፣ በሁለተኛው ቀን ሁለት ጣት።

ሦስተኛው ቀን ማታ ሌላ ተረኛ ነበር። ክሩን ከወትሮው ዝቅ አድርጎ አሰረና ሄደ። እኔ ቁጭ ብዬ ቦርሳውን አያለሁ። የቀኗ ሲስተር «አንተ ሥራህ ቀለም ማየት ነው፤ እንደ ሮዝ ካለ ደህና ነው፣ ጠቆር ካለ ጥራን» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቀለም እለያለሁ። በመብራት ጥቁርና ድፍን ሰማያዊ ክር ሳላምታታ ነው የኖርኩት። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ከቦርሳው ሥር፣ ቀለበቱ አጠገብ ያለው ክፍል ወደ ወይን ጠጅ ሄደ። አልጠራጠርም። ልጁም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመረ። ሮጥኩ። የማታዋ ሲስተር መጥታ በባትሪ አየችው፤ አንድም ቃል ሳትናገር ስልክ አነሳች። ዶክተሯ ከማረፊያዋ በነጠላ ጫማ መጣች። ክሩን ፈታች። አንድ ጣት ተኩል ያህል ወደ ላይ መለሰችው። ሦስታችን ዝም ብለን ቆመን አየን። መጀመሪያ ዳሩ ተመለሰ፣ ከዚያ መሐሉ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሮዝ ሆነ። የልጁ ትንፋሽም ረገብ አለ።

«ዛሬ ወደ ኋላ ሄድን፤ ኪሳራ አይደለም» አለች። ያንን ምሽት መቼም አልረሳውም። ይህን አገልግሎት ከአንድ እስከ አምስት ስጥ ብባል ለዚያ ምሽት ብቻ አምስት እሰጣለሁ። የሠራችውን ለማፍረስ ያልከበዳት ሐኪም፣ አንድ አባት ሲጠራት «አንተ ምን ታውቃለህ» ያላለች ነርስ።

በስድስተኛው ቀን አንጀቱ ሁሉ ገባ። አሁን ይሰፋል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲያውም ምን ዓይነት ክር እንደሚጠቀሙ ልጠይቅ ተዘጋጅቼ ነበር። አልሰፉትም። ሲወለድ እትብቱን ረዘም አድርገው ነበር የተዉት። ቦርሳውን አወጡ፣ እትብቱን እንደ ክዳን ቀዳዳው ላይ አስተኙት፣ ላዩን ውስጡ በሚታይ ማጣበቂያ ሸፈኑት። በቃ። ሥጋው ራሱ ከዳር ወደ መሐል እየተሳበ በሳምንታት ይዘጋል ተባልኩ። አላመንኩም። ግን ተዘጋ። ስፌት የሌለበት፣ ጠባሳው እንደ ማንኛውም ልጅ እምብርት ነው። ለሁሉም ልጅ እንዲህ አይሆንም፤ አንዳንዱ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ይሰፋል። እሱንም የሚወስነው ሆዱ ነው።

ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ አለቀ ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ከባዱ ግን ገና ነው። አንጀቱ ገባ እንጂ አልነቃም። በቱቦው የሚወጣው አረንጓዴ ፈሳሽ እየቀነሰ፣ እየጠራ እስኪመጣ ወተት አይጀመርም። እስከዚያ ልጁ በደም ሥር በሚሰጥ ምግብ ነው የሚኖረው። የሆስፒታሉ ድክመት የታየኝ እዚህ ጋ ነው። በዚያ ምግብ ውስጥ ፕሮቲኑን የሚተካው አሚኖ አሲድ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሁለት ጊዜ አልቋል። «ከውጪ ገዝታችሁ አምጡ» ተባልን። ሦስት ፋርማሲ ዞሬ አራተኛው ላይ አገኘሁ፤ የሁለት ሳምንት ገቢዬ በአንድ ቀን ሄደ። ገንዘቡ አይደለም የሚያናድደኝ። ልጁ ያን ቀን በግሉኮስ ብቻ ዋለ።

ውኃም ይቋረጣል። ልጅ ከመንካት በፊት እጅ መታጠብ ግድ በሆነበት ክፍል ቧንቧው ደረቅ ነው። እኛ አስታማሚዎች በጀሪካን እናመላልስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ኢንፌክሽን ይዞት አንቲባዮቲኩ ተቀየረለት። ከውኃው ነው አልልም። ግን ውኃ በሌለበት ቀን የነርሶቹን እጅ እያየሁ እጨነቅ ነበር። እነሱም ይጨነቁ ነበር፤ ሳኒታይዘሩን በራሳቸው ገንዘብ የሚገዙ አሉ።

ባለቤቴ በአራተኛው ቀን መጥታ ነበር። አራስ ናት። ቤቷ ሆና ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ ሙቅ አልጋ የሚገባት ሴት ሌሊቱን የፕላስቲክ ወንበር ላይ ታድራለች። እናቶች ጋደም የሚሉበት ክፍል ቢኖር ጡታቸውም አይደርቅም ነበር። እሷ ግን አላቆመችም። ልጁ ባይጠባም በየሦስት ሰዓቱ ታልባለች። ሲስተሯ ከታለበው ጥቂት ጠብታ በጥጥ ከንፈሩንና የጉንጩን ውስጥ እንድትቀባው አስተማረቻት። ልጁ ምላሱን አውጥቶ ጥጡን ሲልስ ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ወተት ተጀመረ። ሁለት ሚሊ ሊትር፣ በየሦስት ሰዓቱ፣ በቱቦ። ሁለት ሚሊ ማለት ለመኪናዬ አንድ ጊዜ የማደርገው ዘይት ነው። ከዚያ አምስት፣ አሥር፣ አንድ ቀን አስመልሶ እንደገና ወደ አምስት። ጡት የያዘው በሃያ ሰባተኛው ቀን ነው።

አጠገባችን ከጅማ በኩል የመጡ ሰዎች ነበሩ። የእነሱ ልጅ ሌላ ዓይነት ነው፤ ኦምፋሎሲል ይባላል። አንጀቱና ጉበቱ የወጣው በእትብቱ በኩል ነው፣ ላዩ በስስ ሽፋን የተሸፈነ። ትልቅ ስለሆነ አልነኩትም። ሽፋኑን በየቀኑ ቅባት እየቀቡ ቆዳ እስኪያለብስ ይጠብቃሉ፤ ኦፕራሲዮኑ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ልቡንም በአልትራሳውንድ አይተውለታል፣ በዚህኛው ዓይነት የልብ ችግር አብሮ ሊመጣ ስለሚችል። ስሙ እንደሚለያይ ሕክምናውም ይለያያል። ስለዚህ የሰው ልጅ ታሪክ ሰምታችሁ በእናንተ ልጅ ላይ አትፍረዱ፤ የኔንም ጨምሮ።

ከወጣን በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። በፈረንጆቹ 2021 የወጣ፣ በ74 አገሮች ያሉ 264 ሆስፒታሎችን ያየ ነው። ልጄ በነበረበት ችግር ከተወለዱ 100 ሕፃናት በሀብታም አገሮች የሚሞቱት አንድ ወይም ሁለት ናቸው። በደሃ አገሮች 90። ቁጥሩን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ልጁን ሄጄ አየሁት። ተኝቷል። ያን ሁሉ ልዩነት ያመጣው ምንድነው ብዬ ሳስብ፣ ላስቲክ፣ ሙቀት፣ አሚኖ አሲድ፣ ውኃ፣ አንድ ቦርሳ፣ ሌሊት የምትነሳ ዶክተር። እኛ አገር ፈጽሞ የማይገኝ ነገር ከዚህ ውስጥ አላየሁም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት፣ ሁሉም አብሮ አይገኝም እንጂ።

በሠላሳ አራተኛው ቀን ወጣን። ሲወለድ 2.2 ኪሎ ነበር፣ ሲወጣ 2.5። ክርስትናው በአርባ ቀኑ ስለሆነ ውኃ ይነካው ወይ ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኳት። ቁስሉን ገልጣ አየችውና «ይነካው» አለች። ሲያለቅስ እምብርቱ ትንሽ ይወጣል፤ ያ ብዙ ጊዜ በራሱ ይገባል ብላኛለች። አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ሰገራው ከቆመ ግን ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ ካርዱ ጀርባ ላይ ጽፋልኛለች።

ዕቃችንን ጠቅልለን ስንወጣ በኛ ማሞቂያ ላይ ሌላ ሕፃን አስተኝተው ነበር። ሴት ናት። የሲሊኮኑ ቦርሳ አልቆ ከግሉኮስ ከረጢት ነው የሠሩላት። አባቷ እንደኔ እድሜ ነው፣ ጫማው ላይ ገና የመንገዱ ጭቃ አለ። ልጄን በእጄ ሲያይ ተነሳና «ወንድሜ፣ ያንተ በደንበኛው ቦርሳ ነበር አሉ። ይሄኛው ይይዛል?» አለኝ። ልጄን ለባለቤቴ ሰጥቼ ጎንበስ አልኩ። ከረጢቱ ከቀዳዳው ዙሪያ ጋር የተያያዘበትን አየሁ። ክሩ እኩል ነው። እርምጃው የተቀራረበ ነው። የተሳበ ቦታ የለም፣ የላላም የለም። አንጀቷ ሮዝ ነው።

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አልኩት። «አንተ ቀለሙን ጠብቅ።»